«ያለ እንከን ተመልሳለች» ስለተባለችው ጀልባ

ሃርልስደን፣ ለንደን
ጥቅምት 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጀልባ ሽያጭ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር
በቴምዝ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ባለ መስታወት ቢሮዎ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ የሽያጭ ሠራተኞችዎ፣ በመግቢያው በር ላይ የሚቆመው ሰውዬም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በእንግሊዝኛ የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ በማይረዱት ቋንቋ ብጽፍልዎ ቢያንስ ዝምታዎ በቂ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ነው። ደግሞም ያገለገለ ጀልባ እንገዛለን የሚሉ የአገሬ ልጆች በዚህ ከተማ አሉና፣ እነሱም አብረው ቢያነቡት እንደማይከፋዎ አምናለሁ።

ምናልባት ስለማያስታውሱኝ ራሴን ላስተዋውቅ። እንግዳወርቅ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በጭነት መርከብ ላይ የሞተር መሐንዲስ ነበርኩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ታስሮ የእኔም ስም ከእሱ ስም ጋር መነሳት ሲጀምር፣ መርከባችን ለንደን አጠገብ ባለው ቲልበሪ ወደብ በቆመችበት ቀን ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ፤ አልተመለስኩም። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ የሕንፃውን ውኃ የሚያሞቀውን ቦይለር እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ዕፀገነት ከአራት ዓመት በኋላ ተከትላኝ መጥታ ዌምብሊ ውስጥ ቢሮ ታጸዳ ነበር።

ዕፀገነት ያን ያህል ዘመን የመርከበኛ ሚስት ሆና አንድም ቀን ባሕር ላይ ወጥታ አታውቅም። እኔ በዓመት አንዴ ቤት እየገባሁ ስለ ወደቡና ስለ ማዕበሉ ሳወራ ትሰማኝ ነበር። ለንደን ከመጣች በኋላ አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች፣ «ያን ሁሉ ዓመት የወሰደብኝን ነገር እኔም አንድ ጊዜ ልየው እንጂ» አለችኝ። ቤት የመግዛቱን ሐሳብ ትተን ጀልባ መፈለግ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። የፈለግነው ትራውለር የሚባለውን ነበር፤ እንደ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ሆዱ ሰፊ፣ አካሄዱ አዝጋሚ፣ ነዳጁ ግን ውቅያኖስ የሚያሻግር፣ ሰው ሊኖርበት የሚችል የሞተር ጀልባ። ዕፀገነት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የባሕር ሬዲዮ ኮርስ ገብታ፣ ተፈትና ፈቃድ ያዘች። ሽንኩርት እየከተፈች «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ» የሚለውን የመርከበኞች የድረሱልኝ ጥሪ ስትለማመድ፣ ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ማሚቱ ሁለት ጊዜ ወርደው «ምን ሆናችሁ?» ብለው በር መትተዋል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ማስታወቂያዎን ያየነው። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። በየካቲት ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በአሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ዩስተን ድረስ፣ ከዚያ በባቡር መጣን። ዕፀገነት የክት ካፖርቷን ለብሳ ነበር። በር ላይ ያለው ሠራተኛዎ አንድ ቃል ሳይጠይቀን «ጽዳቶች የሚገቡት በጓሮ በኩል ነው» ብሎ የመጥረጊያ ክፍሉን ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ዕፀገነት ቁልፉን ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «እኔ የማጸዳው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ጀልባ ልገዛ ነው የመጣሁት» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቁልፉን ግን ተቀበለ። ለድርጅትዎ ንብረት ያለውን ጥንቃቄ ከዚያ ተረድቻለሁ።

፪. ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ጀልባይቱ «ፔሸንስ» ትባላለች፤ በእኛው ትዕግሥት ማለት ነው። ማስታወቂያው ሞተሯ በቅርቡ እንደታደሰ ይናገራል። እኔ ግን የሞተር ክፍሉን ክዳን አንስቼ ገባሁ፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዘው ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ወጣ። ይህ ውኃ ወደ ሞተሩ ሆድ ሲገባ የሚሆን ነው፤ ማንም መሐንዲስ ያውቀዋል። የሽያጭ ሠራተኛዎ «የእንግሊዝ አገር አየር እርጥብ ነው» ሲል አስረዳኝ። በአገርዎ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬ አየሩ ዘይት ውስጥ እንደሚገባ አላወቅሁም ነበርና ለትምህርቱ ባለዕዳ ነኝ። በዚያ ሰዓት ተኩል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጉድለት በእጄ ጽፌ ለእርስዎ ሰጠሁ። እርስዎም ጨብጠውኝ «በጣም ጠቃሚ ነው» አሉ። ያኔ ምን ያህል እንደሚጠቅምዎ አልገባኝም።

ታዲያ ይህን ሁሉ አይተህ ለምን አልተውካትም ይሉኝ ይሆናል። ልተዋት ነበር። ከሞተር ክፍሉ ስወጣ ዕፀገነት መሪው ፊት ያለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ የቆመውን ውኃ ታያለች። «እንውረድ» አልኳት። «ይቺው ናት፤ አንተ ትሠራታለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጊዜ ካገኘሁ የማልጠግነው ነገር አልነበረም። ስለዚህ የባሕር ሙከራ ተደርጎልን አብረን ወጥተን ካየናት በኋላ እንደምንገዛት ተስማማን።

፫. ስለ ቀጠሮዎቹ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው በወንዙ መጉደል ምክንያት ተላለፈ። ሁለተኛው ጀልባውን የሚነዳው ካፒቴን ዕረፍት ስለወጣ። ሦስተኛው፣ ያጠራቀምነው ገንዘብ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት እንደገና ስለተፈለገ፤ የባንክ ቤታችን ሠራተኛ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ስታትምልኝ «ደግሞ እርስዎ ነዎት?» ብላ ሳቀች። አራተኛው በአየሩ ጠባይ የተነሳ ነው፤ በዚያ ቀን ሃርልስደን ውስጥ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ይሄድ ነበር።

በመጋቢት ዕፀገነት ትንሽ አሳላት። በሚያዝያ ሳንባዋ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ነገሩን። ሐኪሟ ብዙ አስረድቶ ሲጨርስ እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጀልባ ላይ መውጣት እችላለሁ?» እሱም ወረቀቶቹን ትንሽ ሲያገላብጥ ቆይቶ «ይችላሉ፤ ግን በዚህ ወር ውስጥ ቢሆን ይሻላል» አላት። በማግስቱ ወደ ቢሮዎ ደውዬ ይህንኑ ቃል በቃል ነገርኩ። ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ድረስ ቢሆንም እንደሚበቃን ተናገርኩ። ሠራተኛዎ በትሕትና አዳምጦኝ «ካላንደራችን ሙሉ ነው፤ ግን ለወደፊቱ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን» አለኝ።

ዕፀገነት ሰኔ አሥራ አራት ቀን አረፈች።

ሰው መጥቶ አለቀሰ። እኔ ወንበር አቀረብኩ። ወይዘሮ ማሚቱ «አልቅስ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሃል» ይሉኝ ነበር፤ እሺ እላቸዋለሁ። ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ተመልሼ ቦይለሩን አየሁት፤ ግፊቱ ልክ ነበር።

፬. ስለ ባሕር ሙከራው አመሰግናለሁ። «ደስ የሚል ዜና አለን፤ ቀጠሮዎ ተረጋግጧል» የሚለው መልእክትዎ የደረሰኝ በአርባዋ ዋዜማ ነው። ቀጠሮ ስለነበረ ሄድኩ።

ካፒቴኑ፣ የሽያጭ ሠራተኛዎና እኔ ሆነን ወጣን። ዘይቱ ተቀይሮ ማር መስሎ ነበር፤ የጉድለት ዝርዝሬን አንብባችሁ ዘይቱን ብቻ መቀየራችሁን ከዚያ አየሁ። ግሬቭሴንድ የምትባለውን የወንዝ ዳር ከተማ አልፈን ወንዙ ወደ ባሕር መስፋት ሲጀምር ወጥቼ ቆምኩ። ዕፀገነት ልታየው የፈለገችውን አየሁላት፤ ግራጫ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ወዲያው የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መውጣት ጀመረ፤ ካፒቴኑ መለኪያውን በጣቱ ይመታዋል። «መለኪያው አይደለም፤ ሞተሩን አጥፋው» አልኩት። አጠፋውና መልሕቅ ጣልን። በአጠገባችን ኮንቴይነር የጫኑ መርከቦች ያልፋሉ።

ካፒቴኑ ሬዲዮውን አንስቶ ለወደቡ ተቆጣጣሪዎች ሲናገር ደንግጦ ቃሉ ተዘበራረቀበት። እኔ ከሞተር ክፍሉ አፍ ላይ ሆኜ «መጀመሪያ የጀልባውን ስም፣ ቀጥሎ ያለንበትን ቦታ፣ ከዚያ የሆነውን፣ በመጨረሻ የሰውን ብዛት» አልኩት። ቅደም ተከተሉን የማውቀው ከማእድ ቤታችን ነው። ስንት ሰው እንዳለ ሲጠይቁት «ሦስት» አላቸው። ልክ ነው፤ ሦስት ነበርን።

ውኃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጥ ያለው የጎማ ክንፍ ተበጣጥሶ አልቋል። በዝርዝሬ ላይ ሰባተኛው ጉድለት እሱ ነበር። መሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ አገኘሁ፤ እሱን ገጥሜ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ እጄን ከፓምፑ ላይ ሳላነሳ አራት ሰዓት ፈጅተን ተመለስን። የሽያጭ ሠራተኛዎ ሲወርድ እንዴት እንዳገኘኋት ጠየቀኝ። እንደማልገዛት ነገርኩት።

፭. ስለ ማስታወቂያዎ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ አመሰግናለሁ። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ሐዊ የምትባል ነርስ አለች፤ እዚሁ ዊልስደን ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ጋር እያጋጨች የምትናገር ጥሩ ልጅ ናት። እሷና ባለቤቷ ደግፌ የቤት ኪራይ አንገፍግፏቸው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው ጀልባ ላይ ሊኖሩ፣ በጋውን ወደ ስፔን ሊሻገሩ ያስቡ ነበር። በነሐሴ ወር ምድር ቤት ድረስ ወርዳ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ቦት ፕሊስ ቼክ ያድርጉልኝ። ሰኞ ልንፈርም ነው። ደግሞ ኤክስፐርት አይቷታል» አለችኝ።

ፔሸንስ ነበረች። ከፎቶዋ ሥር እንዲህ ይላል፦ «በሐምሌ ወር ልምድ ባለው የባሕር መሐንዲስ ተመርምራ፣ በባሕር ላይ ተሞክራ፣ ያለ እንከን ተመልሳለች።»

«ሐዊ፣ ይህ ኤክስፐርት እኔ ነኝ» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። «እና ሴፍ ናት ማለት ነው?» አለች።

«አይደለችም። ልጆችሽን ይዘሽ እንዳትገቢባት።»

በዚያው ቀን አሥራ ዘጠኙን ጉድለት በሆስፒታሉ የሥራ ወረቀት ላይ እንደገና ጽፌ ሰጠኋት። ሰኞ አልፈረሙም። ደግፌ ማታውኑ ደውሎልኝ «ሁለቱም ልጆች ገና ዋና አይችሉም» አለ።

፮. ስለ ጠበቃዎ አመሰግናለሁ። ያን አንድ መስመር ከማስታወቂያው እንዲያነሱልኝ የለመንኩባቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሰባት ሳምንት ሙሉ መልስ አላገኙም፤ ሐዊና ደግፌ ዝርዝሬን አሳይተው ሐሳባቸውን በለወጡ በሁለተኛው ቀን ግን የድርጅትዎን መልካም ስም እንዳጎደፍኩ የሚገልጽ የጠበቃ ደብዳቤ እጄ ገባ። ቢሮዎ ሲፈልግ እንዲህ ፈጣን መሆኑን በማየቴ ተደስቻለሁ። ለጠበቃዎም ዝርዝሩን ከነፊርማዬ ልኬላቸዋለሁ፤ ጀልባይቱን በሌላ ባለሙያ ያስመርምሩና አንዱ እንኳ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ ብዬ። እስካሁን ዝም ብለዋል። ማስታወቂያው ግን ባለፈው ማክሰኞ ወርዷል፤ ጀልባይቱም «ለጥገና» ተብላ ከውኃ ወጥታ እንጨት ላይ ተቀምጣለች። ሄጄ በአጥሩ በኩል አይቻታለሁ። ይህን ለማድረግ የወሰኑት እርስዎ ከሆኑ ምስጋናዬ እዚህ ላይ እውነተኛ ነው።

ሌላ የምጠይቅዎ የለም። ካሣ አልፈልግም። እኔ ጀልባ አልገዛሁም፤ ወደፊት ልግዛ አልግዛ አልወሰንኩም። ሐዊና ደግፌ ሌላ ቦታ ያገኙትን ጀልባ ለመመርመር በሚመጣው ሳምንት አብሬያቸው እሄዳለሁ። የሞተር ክፍል ክዳን ማንሳት አሁንም እችላለሁ።

የድርጅትዎ መስታወት ዘወትር የጠራ፣ ካላንደርዎ ዘወትር የሞላ፣ ደንበኞችዎም ሞተር የማያውቁ ይሁኑልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን የማይለዋወጥ አክብሮት ሳልገልጽ አላልፍም።

ልምድ ያለው የባሕር መሐንዲስዎ፣
እንግዳወርቅ

ተጨማሪ ለማሳወቅ ያህል፦ ትናንት ከቢሮዎ አንዲት ልጅ ደውላ ወይዘሮ ዕፀገነትን ማነጋገር ፈለገች፤ ባገኙት አገልግሎት ምን ያህል እንደረኩ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ እንዲሰጡ ነው። «አርፋለች» ማለቴ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስለው የተኛች መሰላት። ይቅርታ ጠይቃ፣ ሲነሱ መቼ ብትደውል እንደሚመቻቸው ጠየቀችኝ። ሐሙስ አልኳት፤ መዘገበች። ስልኩ ቢጮህ የሚያነሳው ስለማይኖር እንዲነግሯት እለምናለሁ። ልጅቷን ግን አደራ እንዳይቆጧት፤ ከየካቲት ጀምሮ ከድርጅትዎ ሰዎች ሁሉ ባለቤቴን በስሟ የጠራት እሷ ብቻ ናት።