በሁለቱ ጥቁር ቁልፎች መካከል

ውድ ወንድሜ ኢያሱ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ወርቅዬስ ደህና ናት? ልጆቹስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘዋል? የደሴ ብርድ መቼም ጀምሯል፤ ያ ጉልበትህ ዘንድሮም ያምሃል? እኔ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ፤ የሆዴም ልጅ ይገላበጣል፣ ክብሩ ይስፋ። ከዚህ ቀጥሎ ስለ እናታችን፣ እቴቴስ እንዴት ናት ብዬ ነበር የምጠይቅህ። እጄ ለምዶበት ሊጽፈው ምንም አልቀረው።

ስልክህን የማላነሳው አኩርፌ ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ በስልክ የምትለኝን ማመን ስላቃተኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ወደ ደሴ ለሚመጣው ለጎረቤቴ ለአክሊሉ ሰጥቼዋለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የእቴቴን መሞት ማን እንደነገረኝ እያፈላለጋችሁ ነው አሉ። ማንንም አትውቀሱ፤ የነገረኝ ጨዋታ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ፒያኖ እንደማስተምር ታውቃለህ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልክ ብታስሸመድዳቸው በሳምንቱ ረስተውት ይመጣሉ። ስለዚህ ነጮቹን ቁልፎች ቤት አደረግኳቸው። ልጁ አንዱን በጣቱ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ቤቶች» ይላል፤ ከዚያ የቤቱን ስምና የባለቤቱን ስም ይጠራል። በየቤቱም ከቤተሰባችን ሰው አስገባሁበት። ሬ በሁለት ጥቁሮች መካከል ናትና የእቴቴ ቤት አልኳት፤ ጥቁሮቹ እኔና አንተ ነን፣ ድሮ ስንጣላ መካከላችን ትተኛ እንደነበረው። ይህን በስልክ ሳጫውትህ ሳቅህና፣ እነግራታለሁ፣ ደስ ይላታል አልከኝ። ያን ጊዜ ተቀብራለች፣ ኢያሱ።

ሌላም ጨዋታ አለን። ልጆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ እኔ አንዱን ቁልፍ በወረቀት እሸፍናለሁ፣ ዞር ብለው የማን ቤት እንደተሸፈነ ይነግሩኛል። በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ተራው የረሆቦት ነበር፤ ያቺ የአጎታችን ልጅ የፍስሃ ትንሿ ልጅ። ሬን ሸፈንኩ። አየት አደረገችና እቴቴ ናት አለች። ጎበዝ ብዬ ሳልጨርስ፣ ግን እኮ ሞታለች፣ አባቢ ሕፃኑ እስኪወለድ ለቲቸር ሰብሊ እንዳትነግሪ ብሎኛል አለችኝ። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ሌሎቹ ልጆች ተራዬ ነው፣ ተራዬ ነው ይላሉ። ወረቀቱን ማንሳት አቃተኝ። የካ አባዶ ድረስ በታክሲ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ባሌ ዓለምሰገድ በር ከፍቶ ፊቴን ሲያይ አንገቱን ደፋ፤ እሱም ያውቅ ኖሯል።

ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም ማለታችሁ ወግ ነው፤ ለእኔና ለጽንሱ ሳስታችሁ እንደሆነ አይጠፋኝም። ያንገበገበኝ ውሸቱ ነው። በስልክ አቅርብልኝ ስልህ አንድ ቀን ጉሮሮዋን አሟታል፣ ሌላ ቀን ቅዳሴ ሄዳለች። እኔ ሞኟ ደግሞ የሳል ሽሮፕ ልላክላት ብዬ ኦሎምፒያ ድረስ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር ነበር። አገር ሲያለቅስላት ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከሕፃናት ጋር ታጨበጭብ ነበር። እርሜን ሳላወጣ፣ አፈር ስትለብስ ሳላይ ቀረሁ። ልቤ ተሰብሯል፣ ወንድሜ።

ረሆቦት ከዚያ ወዲህ ፒያኖ አልማርም ብላ እናቷን አስቸገረች፤ ስለተናገረች እቴቴን የገደለቻት እሷ ይመስላታል። ትናንት ሄጄ እኔው ይዣት መጣሁ። ዶን አንኳኳች፤ ሬ ላይ ስትደርስ ጣቷን ሰበሰበችና አሁን እዚህ ቤት ማን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ቤቱ የእቴቴ ነው፣ ለሌላ አይሰጥም አልኳት። ቀስ ብላ ነካችው።

ሐኪሜ መንገድ ከልክላኛለች፤ ለእቴቴ አርባ አልደርስም። ለሙት ዓመቷ ልጄን ታቅፌ እመጣለሁ። እስከ መጨረሻው ያስታመመችልኝን ወርቅዬን ጉልበቷን ስመህ አመስግንልኝ። ልጆቹን፣ አቢንና ሰምሃርን፣ እቅፍ አድርግልኝ። ጎረቤታችንን እማማ ሚርያምን፣ ሰብሊ ሰምታለች፣ ከእንግዲህ አይደብቁ በልልኝ። አንተን ይቅር የምልበት ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። መቃብሯ ስትሄድ ዝም ብለህ አትቁም። ድንጋዩን ሁለቴ መታ መታ አድርግና በእኔ ስም «ቤቶች» በላት።

እህትህ ሰብሊ
አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.