ሦስተኛው ስፕሪንግ

ማክሰኞ
ዛሬም ተሰበረ። ሰዒድ ደጃፍ ተቀምጦ የዓሣ መረቡን ሲጠግን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አልቆመም፣ አልተራመደም። ጥይት እግሩን ከመታው ወዲህ ቁርጭምጭሚቱን ቀና አድርጎ የሚይዝለት ብረት አለ፤ የተሰበረው የእሱ ስፕሪንግ ነው። ትናንት አንድ፣ ዛሬ አንድ። ጋራዡ ከሰጠኝ ሦስት የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ የደሴ መንገድ ደግሞ ተዘግቷል።
«አብሽሪ፣ እኔ ከብጄ ነው» አለኝ ባሌ። ይሄ ከሲታ! ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ።

ረቡዕ
ጥፋቱ የእኔ ነው። የሐይቁ ውሃ እንዳያዝግብኝ ሦስቱንም እሁድ ዕለት በዚንክ የለበጥኋቸው እኔ ነኝ።
ያደረግሁት፦
የባትሪ አሲድ ውስጥ ነከርኋቸው። ደቂቃዎች ይበቁ ነበር፣ እንዲጠሩልኝ ብዬ አሳደርኋቸው።
ዚንኩን ከአሮጌ የሬዲዮ ድንጋይ አወጣሁ። ኤሌክትሪኩን ከጎረቤት ባጃጅ ባትሪ።
ብረቱ ላይ አረፋ ሲንተከተክ ደስ ብሎኝ ሰዒድን ጠርቼ አሳየሁት። ያ አረፋ ሃይድሮጅን ነው። ሁሉም ወደ አየር አይወጣም፤ ጥቂቱ ብረቱ ውስጥ ይገባና ጠንካራውን ተሰባሪ ያደርገዋል። ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ እንዴት ረሳሁት?

ሐሙስ
ጋዙ የሚወጣው ብረቱ ለብዙ ሰዓት ሲግል ነው። ግን ያኔውኑ መደረግ ነበረበት፤ አራት ቀን አለፈው። ከውስጥ ተሰንጥቆ እንደሆነስ?
የቀረውን ስፕሪንግ ይዤ ዳቦ ጋጋሪው ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄድሁ። ዱቄት ስለጠፋ በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚጋግሩት፣ ከዚያ ምድጃው እንደጋለ ይውላል።
«መምህርት፣ ይሄ መቼ ነው የሚበስለው?»
«እስኪመሽ ይቆይልኝ።»
በትሪ አድርገው አስገቡልኝ፣ ሠራተኞቹንም እንዳይነኩት አስጠነቀቁ።
ማታ ለሰዒድ ተናዘዝሁ። «ወላሂ እኔ ነኝ የሰበርሁብህ።»
«አረፋውን ስታሳዪኝ ስቀሽ ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ነው። እንኳን ስፕሪንግ፣ እግሬም ይሰበር» አለኝ። አፉን በእጄ ያዝሁት።

ዓርብ
ገጠምነው። ጁምዓ ካልሄድሁ አለ፣ ከለከልሁት። ሁለቱም በተገጠሙ በማግስቱ ነው የተሰበሩት፤ ዛሬ ቤት ይዋል። እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ዋለ፣ ዙህርንም እዚያው ሰገደ። ድስቱ እንኳ ቀጭ ሲል እየደነገጥሁ ዋልሁ።

ቅዳሜ
አልተሰበረም። እስከ ሐይቁ ዳር በእግሩ ሄደ፣ እኔ ከኋላ። ጆሮዬ እግሩ ላይ ስለነበር የሚያወራኝን ግማሹን አልሰማሁም።
«ከኋላዬ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ጎኔ» አለኝ።
ሄጄ ክንዱን ያዝሁ። ስፕሪንጉን ገና አላመንሁትም። መረቡን ይዞ ውሃው ውስጥ ሲገባ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት። ሲመለስ ግን ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ነበር፣ እጁ ላይም ሁለት ዓሣ።