ቅዳሜ ምንም፣ እሁድ ምንም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1979

የደሴ ብርድ። ፊሽካው ከንፈሬ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። ሴቶቹን አምስት ዙር አስሮጥኳቸው። ረሂማ መጨረሻ። ባለፈው ሐሙስ አንደኛ የነበረችው ልጅ! እግሯን እየጎተተች... «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት «ምንም፣ መምህር» አለች። ይቺ «ምንም» የምትባል ቃል ታናድደኛለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ከአውራጃ ቅጽ መጣ። ተማሪዎች ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዚያም ቅዳሜና እሁድ፣ ስንት ሰዓት ስፖርት እንደሚሠሩ ራሳቸው ይሙሉ ይላል። አስሞላሁ። ፀሐይነሽ «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት፣ ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ» ብላ ጽፋለች። ሳቄ መጣ። ስድስት ሰዓት በአንድ እግር!

የረሂማ፦ ቅዳሜ ምንም። እሁድ ምንም። አሁን ገባኝ። ሁለት ቀን ስትተኛ ከርማ ነው ሰኞ የምትንቀረፈፈው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለኮምቦልቻው ውድድር ማጣሪያ። አራት ሴቶች ነው የምንወስደው። ረሂማ ስድስተኛ። ሰረዝኳት። ፀሐይነሽ አራተኛ ሆና ገባች። በልጆቹ ሁሉ ፊት «ቅዳሜና እሁድ የሚተኛ ሯጭ አልፈልግም» አልኳት። አላለቀሰችም። ደብተሯን አንስታ ሄደች።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

አክስቴ አትጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታለች። ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ስመለስ መንገድ ዳር መኪና ስጠብቅ፣ አንዲት ልጅ ጆንያ አዝላ፣ በላዩ ጭራሮ ደርባ፣ እንዳጎነበሰች አለፈች። ረሂማ!

«ከየት ነው የምትመጪው?»

«ከቤት፣ መምህር። ስንቅ ይዤ።»

ቤቷ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ከታናሽ እህቷ ጋር ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ቅዳሜ ትሄዳለች፣ ታስፈጫለች፣ እሁድ ተሸክማ ትመለሳለች። የሁለት ሰው ዱቄት፣ ሽሮ፣ ቆሎ። በየሳምንቱ!

«ታዲያ ቅጹ ላይ ለምን ምንም ብለሽ ጻፍሽ?»

«ስፖርት አይደል እንዴ የሚለው? ይኼ እኮ ስንቅ ነው። ወላሂ አልዋሸሁም።»

መኪናውን ተውኩት። ጆንያውን ተቀብዬ አብሬያት ልሄድ... ሁለት መታጠፊያ ሳልሄድ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ቆማ ትጠብቀኛለች። «አብሽሩ መምህር፣ ደርሰናል።» የት ደርሰናል!

አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው ያረፉት። ከእናቷ ሌላ ሰው የላቸውም። እኔ ደግሞ በሰው ፊት «የምትተኛ» አልኳት። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ክፍል ገብቼ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ማጣሪያው ሐሙስ ይደገማል። ስንቅ በተሸከመች ማግስት፣ ሰኞ ይሁን ያልኩትም እኔው ነበርኩ እኮ። ርዕሰ መምህሩ፣ «ጓድ ሞላልኝ፣ ዝርዝሩ ዓርብ ነው የሚላከው። እስከዚያ እንዳሻህ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ረሂማ አንደኛ! ፀሐይነሽ አምስተኛ ሆና ወጣች። አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ሸራ ጫማዋን አውልቃ «እንኪ፣ በዚህ ሩጪ» አለቻት። አንጀቴን በላችው።

ግን ውድድሩ እሁድ ነው። ረሂማ ጫማውን እንደያዘች፣ «መምህር፣ እሁድማ ስንቅ አለብኝ። ዱቄቱ እስከ ቅዳሜ ነው። እህቴ ምን ትበላለች?»

ከቤቴ ልስጥሽ ብላት ወይ ፍንክች። እናቷ ሰው አታስቸግሩ ብለዋል። ምን ይሻላል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ወሰንኩ። ልጆቹን የሒሳብ መምህሯ ሸዋረጋ ይዛ ትወርዳለች። ስንቁን እኔ አመጣለሁ።

«አብደሃል? አሰልጣኙ አንተ አይደለህ እንዴ? የእሁዱ የቀበሌ ስብሰባስ?» አለችኝ።

ቀሪ ብለው ይጻፉኝ።

ረሂማን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ባዶ ጆንያዋን አምጥታ ሰጠችኝ። «ይኼን ካዩ እናቴ ያምኑዎታል። መጣፊያውን እሳቸው ናቸው የሰፉት።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ ፊሽካውን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነፋሁ። ትከሻዬን ገመዱ ልጦታል። እግሬ የእኔ አይደለም። እናቷ ወይዘሮ ኡሙሰልማ ጆንያውን አገላብጠው አዩና «ልጄን ምን አገኘብኝ?» ብለው ደነገጡ። ሳስረዳቸው መርቀው መርቀው፣ ስነሳ ሌላ ቆሎ ጨመሩበት። «ይኼ ለእርስዎ ነው።» ክብደቱን እንዴት ልንገራቸው?

ሸዋረጋ እንደነገረችኝ ረሂማ ሦስተኛ ወጣች። ሜዳሊያ አጥልቀውላታል። አላየሁም። ቆጭቶኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ዛሬ ግን አየሁ። ሰኞ ዕለት እንዲህ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በፀሐይነሽ ሸራ ጫማ፣ አምስቱንም ዙር ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። በመጨረሻው ዙር ስታልፈኝ ድንጋዩ ላይ ተዘርፍጬ አየችኝና ሳቀች።

«መምህር፣ ቅዳሜና እሁድ ምን ሲሠሩ ከረሙ?»

«ምንም» አልኳት።