ከካርቶኑ በታች ስለቀረው የልጄ መልስ

ይድረስ ለተከበሩ የፈተና እርማት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንደምን ሰንብቷል? ያን ሁሉ ሺህ ወረቀት በአንድ ወር አንብቦ መጨረስ ዓይን እንደሚጎዳ፣ ዕድሜዬን በመርፌ ክር ሳሾልክ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝና አላጣውም። በጠዋት ጸሎቴ እርስዎን ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። እኔም እንደምንም አለሁ።

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስህተት ቢያገኙብኝ እንደ ልማድዎ ሳይሆን በምሕረት ይዩልኝ። የምጽፍልዎ ስለ መጨረሻ ልጄ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጭምቷ» ይላታል። በሥነ ጽሑፍ ፈተና ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎደላት። አንዱ የአጭር መልስ ጥያቄ ብቻውን አራት ነጥብ ነበረው፤ እሷ ያገኘችበት ዜሮ ነው። ወረቀቷን በመስኮት እንዳይ ስለፈቀዱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ወረፋውም የወሰደብኝ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው።

ምንባቡ ሚስቱ ስለሞተችበት ሰው ነው። የእሷን የግድግዳ ሰዓት በየጠዋቱ በቁልፍ ይሞላል። ጥያቄው፣ ለምን እንደሚሞላ ከምንባቡ ማስረጃ ጠቅሶ በአጭሩ ማስረዳት ነበር።

አንደኛ፦ መነጽር ያደረጉት የመስኮቱ ሠራተኛ ወረቀቱን ሲያሳዩኝ፣ በእርማት ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው ብለው መሐሉ የተቆረጠ ካርቶን ደረቡበት። በቀዳዳው የሚታየው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ለሥራ ቅልጥፍና የታሰበ መሆኑ ገብቶኛል፤ እኔም ጨርቅ የምቆርጠው በካርቶን ልክ ነው፤ ብቻ ካርቶኑን ከማስቀመጤ በፊት ሰውየውን እለካዋለሁ። በፈተናው ወረቀት ላይ ከሁለት መስመር ያለፈ አይነበብም የሚል ቃል አልነበረም፤ ከመስመሮቹም በታች አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል። ለጌጥ የተተወ መሆኑን ልጄ አላወቀችም።

ሁለተኛ፦ በቀዳዳው የታየው ይህ ነው፤ «ባልየው የሟች ሚስቱን ሰዓት በየጠዋቱ የሚሞላበትን ምክንያት ከቀረበው ምንባብ በመነሳት እንደሚከተለው በአክብሮት ለማስረዳት እሞክራለሁ።» ሁለቱ መስመር በዚህ ሞላ። ካርቶኑን ትንሽ ዝቅ እንዲያደርጉልኝ ሠራተኛውን ለመንኳቸው፤ ደግ ሰው ናቸውና አደረጉት። ከሥር እንዲህ ይላል፤ «ሰዓት ማወቅ ፈልጎ አይደለም፤ በሦስተኛው አንቀጽ እንደተጻፈው ሰዓቱ አርባ ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ እንኳ አስተካክሎት አያውቅም። የሚፈልገው ድምፁን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚሰማ ነገር እንዲኖር።»

ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባባ፣ መልሱስ ጥሩ ነበር፤ ግን የለም» አሉኝ። ይህን ንግግር እስካሁን እያላመጥኩት ነው።

ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሰፋ የምከፍተውን ሬዲዮ አልሰማውም፤ ምን አወራ ብባል አላውቅም። ልጄ ይህን ማስተዋሏን ያወቅሁት በእርስዎ መስኮት በኩል ነው። ስለዚህ አመሰግናለሁ፤ ይኸኛው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ ሌላ ቢሮ ስለሌለ እዚሁ ይመዝገብልኝ። መምህሯ መልሱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃውን በሁለተኛው፣ ማብራሪያውን ከዚያ ጻፉ ብላ አስተምራቸው ነበር። በስፌት ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ስትለማመድ ሰምቼ ነውር ነው አልኳት፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ ዘው ብለሽ መልስ ውስጥ አትግቢ፣ አስቀድመሽ ጥያቄውን በአክብሮት አንሺ፣ አስፈቅጂ፣ ከዚያ ተናገሪ አልኳት። እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው። ልጄ የመምህሯንም የእኔንም አልጣለችም፤ የእኔን ግን አስቀደመች። ሁለቱን መስመር የበላሁባት እኔ ነኝ። ብነግራት አልተቆጣችኝም፤ «አባዬ፣ አንተ እኮ ጨዋ ሁኚ ነው ያልከኝ» ብላ ሻዬን አቀረበችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መጽሐፍ ስትገልጥ አላየኋትም።

ስለዚህ ራሴን መርምሬ ጥፋቱን ከእርስዎ ጋር እኩል ለመካፈል ወስኛለሁ። ልዩነታችን፣ የእኔ ድርሻ ከእንግዲህ የማይታረም መሆኑ ነው፤ የእርስዎ ግን አንድ ካርቶን ማንሳት ብቻ ይበቃዋል። የአላፊዎቹ ስም ዝርዝር የሚዘጋው አርብ ነው። እስከዚያ የቀሩትን ሦስት መስመሮች እንዲያነቡላት፣ እኔን ሳይሆን እሷን አስበው እንዲያደርጉት በትህትና እለምናለሁ።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅብዎ ዘወትር የሚመኝልዎ፣ በመስኮትዎ ፊት ቆሞ መዋልን የለመደው ታዛዥዎ፣

ልብስ ሰፊው፣ የጭምቷ አባት

ማስታወሻ፦ ለመጀመሪያው ማመልከቻዬ የላኩልኝ መልስ ደርሶኛል። አራት መስመር ነው። በሁለቱ ጥያቄዬን በአክብሮት ደግመው ያነሳሉ፤ በሦስተኛው ስለ ትዕግሥቴ ያመሰግኑኛል፤ «ተቀባይነት የለውም» የሚለው ያለው አራተኛው ላይ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቤልዎታለሁ።