ስድስቱ ጥይቶች አንተ ዘንድ ናቸው

ውድ ወንድሜ ላይል፣

ሰላምታው ለጊዜው ይቆየኝና አስቀድሜ ይህን ልበልህ። በኦገስት ስትሄድ አባባ ቤት ውስጥ ሞልተው የሰጡህን ጥይት አትተኩስ። አንዱንም አትተኩስ። ጠመንጃህ ጎርሶት ከሆነ ይህን ወረቀት አስቀምጥና አሁኑኑ አውጣው፤ ቀሪውን ከዚያ በኋላ ታነበዋለህ።

አወጣኸው? እንግዲያው እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚቆረጥምህ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድህ ደህና ነኝ እያልክ ታነክሳለህ? ኖርማስ እንዴት ናት? ሕፃኗስ ሳሉ ለቀቃት? የሐይቁ ውኃ መቀዝቀዝ ሲጀምር እርጥበቱ ቤት ድረስ ይገባል ብላ ኖርማ ጽፋልኝ ነበር፤ ደረቷን በደንብ ሸፍኑላት። እኔ ከፍርሃቴ በቀር ደህና ነኝ። ስለቸኮልኩ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ከመሰለህ አትፍረድብኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ አንዱን ለአንተ፣ አንዱን ለምትሠራበት ካምፕ ባለቤት፣ አንዱን ፖስታ ለሚያመላልሰው አብራሪ። ከሦስቱ አንዱ እጅህ ይገባል ብዬ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ የአጋዘኑ አደን ሳይከፈት ጠመንጃዬን ልሞክር አሉና ወደ ጠጠር መቆፈሪያው ሄድን። ለእሳቸው ይህ በየዓመቱ እንደ በዓል የሚከበር ነገር መሆኑን ታውቃለህ። ሁለቱ ጥይት በደህና ሄደ። ሦስተኛው ሲተኮስ ግን ድምፁ ሌላ ነበር፤ ጭሱም በአፈሙዙ ብቻ ሳይሆን በመቀርቀሪያው በኩል ወደ ፊታቸው ወጣ። ባርኔጣቸው ወደቀ። «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» እያሉ ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ከደኑት፤ በጣቶቻቸው መሃል ደም መውረድ ጀመረ። መኪናውን እንዴት አድርጌ ከተማ እንዳደረስኩት አላስታውስም።

መነጽራቸው ባያድናቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ሐኪሙ ከጉንጫቸው ላይ አሸዋ የሚያክል የነሐስ ፍንጣሪ እየለቀመ አወጣ፤ ዓይናቸውን አሸገና «የዓይኑን ነገር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እግዜር እንጂ እኔ አላውቀውም» አለኝ። አሁን ቤት ናቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝተው ስለ ከብቶቹ ብቻ ይጠይቁኛል።

በማግስቱ ጠመንጃውን ከመኖ መደብሩ ጀርባ ጠመንጃ ወደሚጠግነው ወደ ሽማግሌው ጉንደር ወሰድኩት። መቀርቀሪያውን ስከፍተው የወጣው የቀለሃው ቂጥ ብቻ ነበር፤ የላይኛው ክፍል እንደ ተሰበረ ቡሽ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ጉንደር በስንት መከራ አውጥቶ ሁለቱን ቁራጭ መዳፉ ላይ አስቀመጠና «አባትሽ የተተኮሰውን ቀለሃ ሲያጠብቡ ማጥበቢያውን መጭመቂያው ላይ እስከ ታች ነው የሚጠመዝዙት፣ አይደል?» አለኝ። ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚጠመዝዙት አልኩት። ሳቀብኝ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«የዚህ ሸለቆ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ከጦር ሠራዊት በመጣው ጠመንጃ የለመዱትን ማግነም በሚሉት ብርቱ ጥይትም ላይ ይደግሙታል። የዚህኛው ቀለሃ እኮ ቂጡ ዙሪያ መቀነት ታጥቋል! ጠመንጃው ሲጎርሰው በመቀነቱ ተይዞ ይቆማል። ትከሻውን፣ ወደ አንገቱ የሚጠብበትን፣ ወደ ኋላ ስትገፉት ከፊቱ ባዶ ቦታ ይተርፈዋል። ሲተኮስ ያን ባዶ ለመሙላት ይሳባል። ከየት ይሳባል? ልክ ከመቀነቱ በላይ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እንደ ተሳበ ሊጥ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያማ አየሽው።»

ከዚያ ጠመንጃውን በእጁ ይዞ እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣውን ነገር ነገረኝ። ቀለሃ እንዲህ ለሁለት ሲበጠስ ግማሹ ውስጥ ስለሚቀር ጠመንጃው ሁለተኛ ጥይት አይጎርስም። «አጋዘን ቢሆን ግድ የለም፤ ይሄድልሻል» አለ። ስለ ድብ አላነሳም። ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በልቤ። አንተ እዚያ ወደ ካምፑ የሚመጡትን እንግዶች ጀርባ ከድብ ጠብቀህ የምትቆመው ሰው መሆንህን፣ በጁላይ የዓሣ ማድረቂያውን ያፈረሰውን ያን ትልቅ ድብ የጻፍክልኝን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሰብኩና ጉንደር ወንበር አቀረበልኝ።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም። አባባ ትከሻቸውን ከታከሙ ወዲህ የቀለሃ መጭመቂያውን እጀታ የምስበው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ቀለሃዎቹን በሞረድ ጠርዛቸው ላይ እንደሚጭሩም ታውቃለህ፤ ተተኩሶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ጭረት፣ እንደ ጥጃ ጆሮ ምልክት። ስድስት ጭረት ያለበት ወደ ቡናው ቆርቆሮ ይገባል። ለመጣል ይላሉ እንጂ መቼ ጥለው ያውቃሉ! ሰውየው የተጣመመ ሚስማር አቃንተው የሚያስቀምጡ ናቸው። ደግሞ እዚህ ወንዶቹ ቡና ላይ ሲገናኙ «የእኔ ዘጠነኛው ነው»፣ «የእኔ አሥረኛው ነው» እያሉ በቀለሃ ዕድሜ የሚፎካከሩትን ታውቀዋለህ፤ በዚያ መሃል ማን ይጥላል?

ለአንተ አርባ፣ ለራሳቸው ሃያ ሊሞሉ ስልሳ ንጹሕ ቀለሃ ቆጥረው ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ ደረደሩልኝ። እኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ እጀታውን ሳላስተካክል ስቤ የዘጠኙን አፍ አጨማደድኩት። አባባ ምሳ በልተው አረፍ ብለው ነበር። ቁጣቸውን ፈራሁ። አየህ፣ የአርባ አራት ዓመት ሴት የአባቷን ቁጣ ፈርታ! ከቆርቆሮው ዘጠኝ አወጣሁና በቦታቸው ተካሁ፤ የተጨማደዱትን ከዶሮ ቤቱ ኋላ ቀበርኳቸው። ከመቀነቱ በላይ የሚያበራ ቀጭን ቀለበት ነበረባቸው፤ አይቼዋለሁ። መወልወሉ ያመጣው መስሎኝ ዝም አልኩ። አባባ ሲነሱ ባሩዱን ሰፍረው ሞሏቸው፤ ዓይናቸው እንደ ድሮው ስላልሆነ ጭረቱን አልቆጠሩም።

ጉንደር መዳፍ ላይ የነበረው ቁራጭ ስድስት ጭረት ነበረበት። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።

ቤት እንደገባሁ የአባባን ሣጥን ከተተኮሱት ሁለት ቀለሃዎች ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ስድስት ጭረት ያለባቸው ሌሎች ሁለት አገኘሁ። ከፈነዳው ጋር ሦስት መሆናቸው ነው። ዘጠኝ ነበሩ፤ ስድስቱ እንግዲህ አንተ ዘንድ ናቸው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። ስልክ ደውዬ ፖስታችሁ የሚነሳበትን የአየር ሜዳ ሰው በሬዲዮ እንዲያስተላልፍላችሁ ለምኜዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ጠርቷችኋል፤ ከመንሿሿት በቀር የመለሰለት የለም። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን እናውቀዋለንና ሬዲዮው ዝም ባለ ቁጥር ድቡን ነው የማየው። አንተ አንዴ ትተኩሳለህ፤ ከዚያ መቀርቀሪያውን ትስባለህ፤ ከዚያ በላይ እንዳላስብ ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ።

ስድስቱን ለይቼ ሌላውን ልተኩስ እንዳትል። ጉንደር ሁለት ጭረት ብቻ ያለባቸውንም ሳይቀር ከፈተልኝ፤ እኔም ዛሬ ቤት ሆኜ እሱ እንዳሳየኝ በሽቦ ፈተንኳቸው። የሽቦውን ጫፍ እንደ ጥፍር አጥፈህ ወደ ቀለሃው ትሰድና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ትጭረዋለህ፤ ከመቀነቱ በላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቆም ካለ ያ ቀለሃ ሞቷል። አባባ እጅ ላይ ከነበሩት አሥራ ሰባቱ ስምንቱ ሽቦውን ያዙት። አንተ ከመንደሩ ሱቅ አዲስ ግዛና እሱን ተጠቀም።

ወደፊት አንተም መሙላትህ አይቀርምና ጉንደር ያለውን ልጻፍልህ። በራስህ ጠመንጃ የተተኮሰውን ከሰው ቀለሃ ጋር አትቀላቅል። ማጥበቢያውን ከመጭመቂያው በጣም ከፍ አድርገህ ጀምር፤ ትከሻውን በሻማ ጥላሸት አጥቁረውና ጥላሸቱ ላይ ምልክት እስኪወጣ ድረስ በትንሽ በትንሹ ጠምዝዝ። በየጊዜው ባዶውን ቀለሃ ወደ ጠመንጃህ አስገብተህ መቀርቀሪያውን ሞክር። ጣትህ ላይ ትንሽ እየተሰማህ ሲዘጋ እዚያ ላይ አቁምና ቆልፈው። እንዲህ ሲሆን ቀለሃውን የሚይዘው መቀነቱ ብቻ ሳይሆን ትከሻውም ነው፤ የሚሳብበት ባዶ ቦታ አያገኝም። አንገቱ እንዳይሰነጠቅ በየሦስት አራት ጊዜው ቂጡን ውኃ ውስጥ አቁመህ አንገቱን ብቻ በእሳት አሙቀው፤ ቂጡ ከሞቀ ይለሰልስና ሌላ አደጋ ነው። ባሩዱንም አታትረፍርፈው። እንዲህ የተያዘ ቀለሃ ከአባባ ቀለሃ ሁለት እጥፍ ይኖራል ይላል ጉንደር፤ ግን ሽቦውን በየጊዜው አትርሳ። ለስንት ዓመት ስለ ቀለሃ ዕድሜ ሲፎካከሩ ይህን የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም፤ የጉንደር ሱቅ እኮ ከቡና ቤቱ ፊት ለፊት ነው።

እዚህ ላይ ደርሼ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። አባባ ጠሩኝ። ለካ የሽቦውን ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ከመኝታቸው ሆነው ሲሰሙት ኖረዋል። «አርዲስ፣ ምንድን ነው የምትጭሪው?» አሉኝ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጊዜ አልፎ ነበርና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆርቆሮውን፣ ዘጠኙን፣ የዶሮ ቤቱን፣ ስድስቱ አንተ ዘንድ መሆናቸውን። ዓይናቸው ታሽጎ ስለነበር ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም።

«ዘጠኙን ቀበርሻቸው?» አሉ በመጨረሻ። አዎ አልኳቸው። «ዶሮዋ ነሐስ ባትፈለፍልልሽም ቦታውን ምልክት አድርጊበት፤ አፋቸው ይቃና ይሆናል» አሉና ሊስቁ ሲሞክሩ ጉንጫቸው አመማቸው። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙ። «ማጥበቢያውን እስከ ታች የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። ከቆርቆሮው ብታወጪም ባታወጪም ሁሉም እየሳሱ ነበር። ልጄን አስታጥቄ ለድብ የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ። አባባ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በታሸገ ዓይን ሲያለቅሱ ደግሞ ያማቸዋል። እንዳያለቅሱ ለመንኳቸው።

ከዚያ ቆርቆሮውን አምጪ አሉኝ። አቅፈውት ትንሽ ቆዩና ወደ ጉንደር ወስጄ በመዶሻ እንዳስቀጠቅጠው አዘዙኝ፤ አንድም እንዳይቀር። የእናታችንን ልብስ እንኳ ለመስጠት ስድስት ዓመት የፈጀባቸው ሰው ናቸው። ዛሬ ከሰዓት ወስጄው ቆሜ አስቀጥቅጫለሁ።

ላይል፣ እባክህ፣ ይህ ሲደርስህ ወደ ሬዲዮው ሂድና «ጣልኩ» ብቻ በል። ሌላ ምንም አትበል፤ የአየር ሜዳው ሰው ያችን ቃል እየጠበቀ ነው፤ እኔም ከስልኩ አጠገብ አልነሳም። ኖርማን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ አልሰማም ካልክ ጥይቱን ከእጅህ ቀምታ ሐይቅ ውስጥ እንድትጥለው ፈቅጄላታለሁ በላት። ሕፃኗን ደረቷን ሳምልኝ፣ ሳሉ እንዲለቃት። የካምፑን ባለቤትና ባለቤቱን አክብሬ ሰላም እላቸዋለሁ። ያ ስሙን የማልይዘው ውሻህ በድብ ላይ ጥሩ ይጮሃል ብለሃልና አጥንት ጨምሩለት። ጉንደር ሰላም ይልሃል። አባባም ራሴ ልጻፍለት ብለው ከታች ቦታ እንድተውላቸው ጠይቀዋል፤ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬላቸዋለሁ፤ መስመሩ ቢጣመም አትሳቅ።

እህትህ አርዲስ
ዊሎ ክሪክ፣ ሞንታና
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1979

ላይል ልጄ ሁሉንም ጣላቸው። ቀለሃውንም እንዳታስቀምጥልኝ።
አባትህ