ደሴ አልደርቅ ያለችው ጀልባ

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጀማሉዲን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ ስሰድብህ ደህና ሆነህ እንድትሰማኝ ነው። ይህን የጻፍኩት እኔው ዘይቱና ነኝ፣ በገዛ እጄ። ማን ጻፈላት ብለህ አትድከም። ዓመት ሙሉ የማታ ትምህርት ሄጃለሁ። አስተማሪዋ ትህትና «ከክፍሉ አንደኛ ነሽ» ብላኛለች። እስከ ፈተናው የዘለቅነው ሦስት ብቻ መሆናችንን እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት።

አሁን ወደ ጀልባዋ ልምጣ። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ሰው ከአሰብ ሲመለስ ፍሪጅና አልጋ ጭኖ መጣ። አንተ ጀልባ ጭነህ መጣህ! አንድ ፈረንጅ ወደብ ላይ ጥሏት የሄደ፣ ሆዷ የተቦደሰ፣ ያረጀች የፋይበር ባለሸራ ጀልባ። ደሴ፣ ወንድምህ ካሊድ ግቢ ስታወርዳት ሰፈርተኛው «የነቢዩ ኑህን ሥራ ጀመረ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ጠግኜ ሐይቅ ላይ እጥላታለሁ፤ አንቺን ከፊት አስቀምጬ» ስላልከኝ አመንኩህ። ሁለት ዓመት ዞርካት፤ አንድ የፋይበር ጨርቅ ሳትለጥፍባት ጅቡቲ ሄድክ። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላህ ነው።

ሐምሌ ላይ ካሊድ ለሁለት በመጋዝ አስቆርጦ የከብት ማጠጫ ሊያደርጋት መሆኑን ሰማሁ። ደሜ ፈላ። እዚህ ኮምቦልቻ የአውቶብስ ግንባር በፋይበር የሚሠራ ጸጋው የሚባል ሰው አለ፤ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቼው ሥራውን ተማርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ሸራ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ጨርቅ መለጠፍ ያቅተኛል? ደሴ ሄድኩና ጀልባዋን በመዶሻ እጀታ ቆረቆርኳት፤ ገበያ ላይ ጋን እንደሚመርጥ ሰው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል። ዱብ ያለውን ሁሉ ፍቄ አወጣሁ። ሙጫውን ከማድረቂያው ጋር በጥብጬ፣ ፋይበሩን ነክሬ ለጠፍኩ። ጉድ ያሰኘ ሥራ!

አልደረቀም።

አንድ ሳምንት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ እንደ ማር ይይዛል። የካሊድ ዶሮ ዘላ ወጣችበትና ተጣበቀች። ላባዋን በመቀስ ቆርጠን ነው ያስለቀቅናት። ካሊድ ሆዱን ይዞ፣ «ጀልባ አልሽኝ እንጂ የዶሮ ወጥመድ መች አልሽኝ!» አለ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፣ ጥርስህ ይርገፍ!» አልኩት።

ተመልሼ ጸጋው ላይ ጮህኩበት። «ሙጫው እኮ ሙቀት ይፈልጋል» አለኝ። «በሐምሌ የደሴ ጉም ውስጥ እንኳን ሙጫ፣ የታጠበ ነጠላም አይደርቅ።»

«ታዲያ ቀድሞ አትነግረኝም?»

«ደሴ ነው መች አልሽኝ!»

የለጠፍኩትን ሁሉ መልሼ ላጥኩት። ካሊድ ሳይኖር በኢሱዙ አስጭኜ የሐረጎን ቁልቁለት አወረድኳት። ዝናቡ ጋብ ሲል እዚህ እንደገና ለጠፍኩ፤ በኮምቦልቻ ፀሐይ በማግስቱ ድንጋይ ሆነች። ሆዷን በውሃ ሞልቼ ሁለት ቀን አቆየኋት፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ሸራዋንም ሰፋሁላት። ወላሂ፣ ፈረንጁ አሁን ቢያያት የኔ አይደለችም ብሎ ይክዳል።

ባለፈው ጁምዓ ካሊድ ያንተን ደብዳቤ ይዞ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ግቢዬ መሐል ቆሞ አነበበ፦ «ለዘይቱና ብዙ ሰላምታ ይድረሳት፤ ናፍቃኛለች። ጀልባዋን ግን ለካሊድ ታስረክብ። የሴት ሥራ አይደለም፤ መሣቂያ አታድርገን።»

አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤህ የሚመጣው በካሊድ ፖስታ ሳጥን፣ የሚነበብልኝም በካሊድ አፍ ነው።

«ወዲህ በለው» አልኩት።

«አነበብኩልሽ እኮ።»

«እኔም ላንብብልህ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከእጁ መነተፍኩት። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ስለ ጀልባዋ አለ። መሣቂያው አለ። የካሊድ ልጆች በየስማቸው አሉ፤ የካሊድ በሬ ጤና ሳይቀር ተጠይቋል። እኔ የለሁም። መስመር የዘለልኩ መስሎኝ ከላይ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ! ጀርባውንም ገለበጥኩት። አንድ ቦታ ላይ «እሷ» ብለሃል። ዘይቱና የሚል የለም።

«ካሊድ፣ ሰላምታዬ የታለች?»

አቀረቀረ። «ሆድ እንዳይብስሽ ብዬ ነው።»

«ያነበብክልኝ የዒዱ ደብዳቤስ? ዘይቱና የሌለችበት ዒድ ዒድ አይደለም ያለውስ?»

«እሱም የኔ ነው» አለኝ፣ ለሽማግሌዎቹ ጀርባውን ሰጥቶ።

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ካሊድ ጀልባዋን ሳይነካ ሄደ።

ጀማሉዲን፣ አራት ዓመት ባል የሆነኝ የካሊድ አፍ ነው! ያንን የዒድ ቃል ለጎረቤት ስንት ጊዜ ደገምኩት። ባሌ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ እያልኩ ስንቷን አስቀናሁ። ለበሬ የተረፈ ቀለም ለኔ ሲደርስ አለቀ? እዚያ ሌላ አግብተህ ከሆነም አላውቅም፤ ደብዳቤህ ውስጥ አልተጻፈም።

ጀልባዋን አላስረክብም፤ ለካሊድም ላንተም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሐይቅ ትገባለች። ምሰሶዋን ግን ገና አላቆምኩም። ጸጋው ለክቶ ስድስት ሜትር ነው ብሎኛል፤ እኔ አላመንኩትም። ቁመቱን የምታውቀው አንተ ነህ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጻፍልኝ። በካሊድ ሳጥን አይሁን፤ ኮምቦልቻ በጸጋው ጋራዥ በኩል ይድረሰኝ። እመጣለሁ በል፣ ወይም ፈትቼሻለሁ በል፤ ቃሉን አልመርጥልህም። ብቻ ከላዩ ላይ ስሜን ጻፍበት። የምትፈታኝም ከሆነ «ዘይቱና፣ ፈትቼሻለሁ» በለኝ። የሚያሳምርልኝ ሰው አልፈልግም። እኔው አነበዋለሁ።

አላህ የጅቡቲን ሐሩር ያብርድልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ። የኔን ንዴት ግን አያብርድብኝ፤ መልስህ እስኪደርስ በሱ ነው የምቆመው።

ሚስትህ
ዘይቱና እንድሪስ