በስሟ ጀምሪ

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ዛሬ ሦስት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ ጨረስኩ። የአንዱ ዚፕ አስመረረኝ። ከሥራ ስወጣ ከአምስት ኪሎ ታክሲ ይዤ እማዬ ጋ ሄድኩ። እሪ በከንቱ ያለው ቤታችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባች አራት ወሯ ነው፤ ዛሬም መስኮት ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ወረቀት ሰጠችኝ። ከእድሩ ነው። ከእሪ በከንቱ ተነስተው ሌላ ቦታ የገቡ አባላት ይሰረዙ ወይስ ይቀጥሉ? የፊታችን እሑድ ውይይት፣ ህዳር 15 ድምፅ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በየለቅሶው ወጥ የሠራች ሴት! "ደጃቸው ቆሜ አልለምንም" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እዚህ ብሞት ማን ያውቀኛል?"

እኔ እናገርልሻለሁ አልኳት። እኔ! ሰው ፊት ስሜን ስናገር እንኳ ላብ የሚያጠምቀኝ...

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ንግግሬን ጻፍኩ። አራት ገጽ። ከጎኔ የምትሰፋው ሳሊሀ አንብባ፣ "ቆንጆ ነው፤ ግን የመንግሥት መግለጫ ነው እንዴ?" አለችኝ። ቀንታ ነው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ተዋረድኩ።

ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ተባለ። ተነሳሁ። "የተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ሉልሰገድ፣ የተከበሩ ምክትላቸው፣ የተከበሩ ጸሐፊያችን..." ቀና ስል ፊት ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ አፍጥጠውብኛል። ዘልያቸዋለሁ! ይቅርታ ጠይቄ ጠራኋቸው። ታዲያ ጎናቸው ያሉትስ? አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው ነውር አይደል? እሳቸውንም ጠራሁ። ቀጥሎ ያሉትንም። ረድፉን ልጨርሰው ምንም አልቀረኝ። ገና "የዛሬው ንግግሬ..." ስል አቶ ሉልሰገድ፣ "ሰዓትሽ አልቋል እህቴ፣ እግዜር ይስጥልን" አሉ።

ስለ እማዬ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንድም!

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

እማዬ ደወለች። አላነሳሁም።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጋሽ ገብረትንሣኤን አየሁ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በማለዳ ሰፈሩን እየዞሩ የሚያስታውቁት። እሑድ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። መንገድ ልቀይር ስል ጠሩኝ።

"እንቁ፣ ነይ እስቲ። ድምፅ በሚሰጥበት ቀንም መናገር ይፈቀዳል። እኔ ጥሩምባዬን ነፍቼ 'የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች' ብል ሰው ተመልሶ ይተኛል። መጀመሪያ ምን እላለሁ?"

"የሟቹን ስም።"

"በቃ! ማን እንደሞተ ሳያውቅ የቀብሩን ሰዓት ማን ይሰማል? በእናትሽ ስም ጀምሪ።"

"ሰላምታውስ? ባለጌ ይሉኛል።"

"ጎንበስ ብለሽ እጅ ንሺ። ለሁሉም ይበቃል።"

እዚያው የታክሲ ረዳቶች በሚጮኹበት አስለማመዱኝ። ማዶ ያለችውን ሎተሪ ሻጭ አሳይተው፣ "እሷ ትስማሽ። አትጩኺ፤ አየር ሳቢና ቃሉን ሳትቸኩዪ ላኪላት" አሉኝ። በሦስተኛው ዞር አለች። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር... ይይ!

ህዳር 4፣ ረቡዕ

አራቱ ገጽ አንድ ሆነ፤ አንዱ አምስት መስመር። ጋሽ ገብረትንሣኤ አምስቱንም ቀደዱብኝ። "ወረቀት አይተሽ ነው እንዴ እናትሽን የምታስታውሺው?" ተናድጄ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳስበው እውነታቸውን ነው።

እጄንስ ምን ላድርገው? መቀስ ካልያዘ አያርፍም። ሳሊሀ "ተዪው፣ ይንጠልጠል" ትላለች።

ህዳር 9፣ ሰኞ

ከባዱ ዝምታው ነው። "ስሙን ተናግሬ እቆማለሁ" ይላሉ ጋሽ ገብረትንሣኤ፤ "ሰው ከእንቅልፉ እስኪነቃ፣ በር እስኪከፍት። ከተጣደፍኩ ማንም አይወጣም።" እኔ ግን ሦስት ሳልቆጥር አፌ ይቀድመኛል። ዛሬ አምስት ደረስኩ። ነገ ስምንት።

ህዳር 14፣ ቅዳሜ

ብንሸነፍስ? እንሸነፍ። ግን ሳይሰሙኝ አይደለም።

ህዳር 15፣ እሑድ

ከድምፁ በፊት ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ። እጅ ነሳሁ።

"የሺዓለም። እናቴ ናት።"

ከፊት ረድፍ ማጉረምረም መጣ። ሰላምታ የለ! ጆሮዬ ጋለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ጸጥ አሉ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጥታለች። ቤቷ ፈረሰ እንጂ እሷ ከእናንተ አልተለየችም። በሐዘኑ ቀን እናቴ ያልደረሰችለት ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። የሚሰርዛት እሱ ይሁን።"

ዝም አልኩ። ከስምንት በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ጥግ ላይ አንድ ሰው ሳለ። እጅ ያወጣ የለም። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀሁም።

በድምፅ አለፈ። የተነሱት ሁሉ አባል ሆነው ይቀጥላሉ። ዐሥራ አንድ ሰው "ይሰረዙ" ብሏል... እያንዳንዳቸውን አውቃቸዋለሁ!

ለእማዬ ደወልኩ። "እሺ" ብቻ አለች። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ህዳር 19፣ ሐሙስ

እሪ በከንቱ ለቅሶ አለ። ለእማዬ በስልክ ነገሯት። አምስት ወር ያለ እኔ ደጅ ያልወጣች ሴት፣ ብቻዋን ታክሲ ተሳፍራ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አላስችል ብሎኝ ደወልኩ። ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል፣ ሴቶች ያወራሉ።

"እማዬ፣ ደከመሽ? መጥቼ ልውሰድሽ?"

"ወዴት ነው የምትወስጂኝ? ሥራ ላይ ነኝ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።